አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ምን እየነገረን ነው? ሊኑክስን ከዊንዶውስ ጎን ከጫንን በኋላ የሚያጋጥሙ የማስነሻ ስሕተቶች

(በቦንጋ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለተመራማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ጽሑፍ። የትእዛዞችና የመልእክቶች ስም በንግግሩ ላይ እንደተጠራው በፊደላችን ተጽፏል።)



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ የጥገና ባለሙያ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። እኔ ግን የምርምር ጉዳይ ነው እላለሁ። ምክንያቱም በዚህ ምክንያት የሚጠፋው የብዙ ወራት የመስክ መረጃና የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። የሚያጠፋውም በአብዛኛው ስሕተቱ ራሱ ሳይሆን ከስሕተቱ በኋላ በድንጋጤ የሚወሰደው እርምጃ ነው። «አልነሳም አለ፤ ፎርማት ይደረግ» የሚለው ውሳኔ በከተማችን እጅግ የተለመደ ሆኗል። ፎርማት ሲደረግ ኮምፒውተሩ ይነሳል፤ ሥራው ግን አብሮት አይመለስም።

ስለዚህ ማስረዳት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የማስነሻ ስሕተት ማለት የመረጃ መጥፋት ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ ከኃይል ቁልፉ እስከ መግቢያ ገጹ ባለው መንገድ ላይ የት እንደቆመ የሚናገር መልእክት ነው። መልእክቱን ማንበብ የቻለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንድም ፋይል ሳያጠፋ ማሽኑን ማስነሳት ይችላል።

ጉዳዩ ለምን አሁን፣ ለምንስ እዚህ?

ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው ምርምራችን ነው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ከተመዘገበ በኋላ የደኑን ሽፋን፣ የዱር ቡናውን ብዝኃነትና የአካባቢውን የአየር ጠባይ የሚያጠኑ ሰዎች በየጊዜው ይመጣሉ፤ ከእኛም መካከል ብዙዎች በዚሁ መስክ ተሰማርተዋል። ለካርታ ሥራ የሚያገለግለው ኪውጂአይኤስ፣ ለስታትስቲክስ የሚያገለግለው አር፣ ለዘረ መል ትንተና የሚያገለግሉ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች በሊኑክስ ላይ ያለ ክፍያ ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹም የተጻፉት በቅድሚያ ለሊኑክስ ነው። ነገር ግን ተመራማሪው የለመደውን ኤስፒኤስኤስንና ማይክሮሶፍት ኦፊስን መተው አይፈልግም፤ ያለውም አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው። በመሆኑም ሁለቱን ስርዓተ ክወናዎች ጎን ለጎን ይጭናል።

ሁለተኛው ምክንያት ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ማቋረጡ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና በአንጻራዊነት አዲስ የሆነ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ በእጃችን ያሉ ብዙ ላፕቶፖች መስፈርቱን አያሟሉም። እነዚህ ማሽኖች ሊኑክስ ቢጫንባቸው ገና ለዓመታት ያገለግላሉ።

ቅብብሉ እንዴት ይከናወናል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ እንጀምር። ኮምፒውተር ሲነሳ የሚሆነው ነገር እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ ነው። አራት ሯጮች አሉ፤ እያንዳንዱም ዱላውን ለቀጣዩ ያቀብላል።

የመጀመሪያው ሯጭ በማዘር ቦርዱ ላይ የሚኖረው ፈርምዌር ነው። በቆዩት ማሽኖች ባዮስ፣ በአሁኖቹ ደግሞ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ባዮስ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ በዚያ ያገኘውን ኮድ ያስነሳል። ዩኢኤፍአይ ግን ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ወደሚባለው ትንሽ የዲስክ ክፍል ገብቶ ፋይል ይፈልጋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ዊንዶውስም ሊኑክስም የየራሳቸው ማኅደር አላቸው፤ ሁለቱ አብረው መኖር የሚችሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሯጭ ግራብ ነው። «ኡቡንቱ ይነሳ ወይስ ዊንዶውስ?» ብሎ ምርጫ የሚያቀርበው እርሱ ነው። ሦስተኛው ከርነሉ ነው፤ ኢኒትራምኤፍኤስ ከሚባል ጊዜያዊ የፋይል ስርዓት ጋር ወደ ሜሞሪ ይጫንና ዋናውን የሊኑክስ ፓርቲሽን ፈልጎ ይከፍታል። አራተኛው ሲስተምዲ ነው፤ ሌሎቹን ፓርቲሽኖች ይከፍታል፣ አገልግሎቶችን ያስጀምራል፣ በመጨረሻም የመግቢያ ገጹን ያቀርባል።

ስለዚህ ተማሪ መጥቶ «አልነሳም አለኝ» ሲለኝ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ በስክሪኑ ላይ መጨረሻ ያየኸው ነገር ምንድን ነው? መልሱ ዱላው ከማን እጅ እንደወደቀ ይነግረኛል። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ፤ በቃል የሚነገር ስሕተት ብዙ ጊዜ ግማሹ ይረሳል።

ከመጀመሪያው ሯጭ እጅ ሲወድቅ

አንደኛው ምልክት ሊኑክስ ተጭኖ ሳለ ማሽኑ ምንም ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ መግባቱ ነው። ሊኑክሱ አልጠፋም፤ ፈርምዌሩ ውስጥ ያለው የቅደም ተከተል ዝርዝር ዊንዶውስን አስቀድሟል። ላፕቶፑ ሲነሳ የማስነሻ ምርጫውን የሚከፍተውን ቁልፍ ተጫኑ፤ እንደ አምራቹ ኤፍ9፣ ኤፍ12 ወይም ሌላ ይሆናል። «ኡቡንቱ» የሚል መስመር ካለ እርሱን መርጣችሁ ግቡ፤ ከዚያም በፈርምዌሩ ቅንብር ወይም ኢኤፍአይ ቡት ማናጀር በሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ።

መስመሩ ጭራሽ ከሌለ ሊኑክሱ የተጫነበትን መንገድ መርምሩ። ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ መንገድ ተጭኖ ሳለ ፍላሹ በቀድሞው የባዮስ መንገድ ተነሥቶ ከሆነ ሁለቱ በተለያየ ቋንቋ የሚነጋገሩ ጎረቤቶች ይሆናሉ፤ አንዱ ሌላውን ማስነሳት አይችልም። ፍላሹን በዩኢኤፍአይ መንገድ አስነሥቶ ግራብን እንደገና መጫን ይበቃል፤ ሊኑክስን በሙሉ እንደገና መጫን አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምልክት ሴኪዩር ቡት የሚያወጣው ክልከላ ነው። ሴኪዩር ቡት የታወቀ ፊርማ የሌለው ፕሮግራም ማሽኑን እንዳያስነሳ የሚከለክል የፈርምዌር ጥበቃ ነው። እንደ ኡቡንቱ ያሉ የሊኑክስ ስርጭቶች ሺም በሚባል በማይክሮሶፍት በተፈረመ ትንሽ ፕሮግራም አማካይነት ያልፉታል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 13 ቀን 2024 የወጣው የዊንዶውስ ማሻሻያ የደኅንነት ጉድለት ያለባቸውን የቆዩ ማስነሻዎች ለማገድ የታሰበ ነበር። ሁለት ስርዓተ ክወና ባለባቸው ማሽኖች ላይ ተግባራዊ እንዳይሆን ቢታሰብም፣ በብዙ ማሽኖች ላይ ተፈጻሚ ሆነና ሊኑክሳቸው መነሳት አቆመ። በስክሪኑ ላይ ኤስባት የሚል ቃል ያለበትና «አንድ ከባድ ችግር ተፈጥሯል» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ወጥቶ ማሽኑ ይጠፋ ነበር። መልእክቱ ቢያስፈራም አንድም ፋይል አልተነካም ነበር። ማይክሮሶፍት ጉዳዩን በ2025 በወጣ ማሻሻያ አስተካክሏል።

ይህ ለእኛ ልዩ ትምህርት አለው። አንድ የኡቡንቱ ቅጂ ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፤ በሞባይል ዳታ ማውረዱም ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ አንድ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ለዓመታት ይዞራል። እንዲህ ያለው አሮጌ ፍላሽ ሴኪዩር ቡት በበራበት አዲስ ማሽን ላይ አልነሳም ቢል ፍላሹ ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል፤ በውስጡ ያለው ማስነሻ ከታገዱት አንዱ ሊሆን ይችላልና አዲስ ቅጂ ፈልጉ።

ከግራብ እጅ ሲወድቅ

ጥቁር ስክሪን ላይ «ግራብ ሬስኪው» የሚሉ ቃላት ብቻቸውን ሲታዩ ብዙ ሰው ዲስኩ የሞተ ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው፤ ግራብ ተነሥቷል፣ ቀሪ ፋይሎቹን ግን በለመደበት ቦታ አላገኛቸውም። በጣም የተለመደው መንስኤ የፓርቲሽን መዛወር ወይም መሰረዝ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው ሊኑክስን መተው ፈልጎ ከዊንዶውስ ውስጥ የሊኑክሱን ፓርቲሽን ይሰርዛል፤ የግራብ መነሻ ግን ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ውስጥ ስለሚቀር የሌለውን ቤት መፈለጉን ይቀጥላል። መፍትሔው በፈርምዌሩ ምርጫ ዊንዶውስ ቡት ማናጀርን መርጦ መግባትና ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው።

ሊኑክሱ ካልተሰረዘና ቦታው ብቻ ከተቀየረ ደግሞ ግራብን መምራት ይቻላል። ኤልኤስ የሚለው ትእዛዝ ዲስኮቹንና ፓርቲሽኖቹን ይዘረዝራል። ቡት የሚባለውን ማኅደር የያዘው የትኛው እንደሆነ አንድ በአንድ ፈትሹ። ስታገኙት ሩትና ፕሪፊክስ የሚባሉትን ሁለት ዋጋዎች ወደዚያ አመልክታችሁ ኖርማል የሚባለውን ሞጁል ጫኑና አስነሡት። ምርጫው ይመለሳል። ይህ ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሊኑክስ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግራብ ኢንስቶልና አፕዴት ግራብ በሚሉት ሁለት ትእዛዞች ካላጸናችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ስሕተቱ ይመለሳል።

በዚህ መንገድ ካልተሳካ በፍላሽ ተነሥታችሁ የሊኑክሱን ፓርቲሽንና ኢኤፍአይ ፓርቲሽኑን ክፈቱ፤ ከዚያም ቻሩት በሚባለው ዘዴ ወደ ተጫነው ስርዓት ውስጥ ገብታችሁ ሁለቱን ትእዛዞች አስኪዱ። ቡት ሪፔር የሚባለው መሣሪያ ይህን በራሱ ይሠራል፤ ነገር ግን ኢንተርኔት ስለሚፈልግ በእጅ መሥራቱን መማር ይሻላል።

ሌላው ተደጋጋሚ ጥያቄ «ዊንዶውሴ ከምርጫው ጠፋ» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ግራብ 2.06 ሌሎች ስርዓተ ክወናዎችን የሚፈልገውን ኦኤስ ፕሮበር የተባለ ፕሮግራም ለደኅንነት ሲባል እንዳይሠራ አድርጎታል። ዊንዶውሱ በቦታው አለ፤ አልተፈለገም እንጂ። በግራብ ቅንብር ፋይል ውስጥ ኦኤስ ፕሮበርን የሚያግደውን መስመር «ፎልስ» አድርጋችሁ አፕዴት ግራብን ስታስኬዱ ይመለሳል።

ከከርነሉና ከሲስተምዲ እጅ ሲወድቅ

የግራብ ምርጫ ታይቶ፣ ኡቡንቱ ተመርጦ፣ ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የግራፊክስ ካርዱ ነው። በግራብ ምርጫ ላይ ኢ የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጭናችሁ ሊኑክስ በሚል ቃል በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ኖሞድሴት የሚል ቃል ጨምሩና አስነሡ። ከገባ ጥርጣሬው ትክክል ነው፤ ተገቢውን ድራይቨር ጫኑ። ድራይቨሩ ሲጫን የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁና በቀጣዩ ጊዜ ሰማያዊ ገጽ ከወጣ ችላ አትበሉት፤ ሴኪዩር ቡት ድራይቨሩን እንዲቀበል ፈቃዳችሁን እየጠየቀ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሰው ስሕተት ከአካባቢያችን ኑሮ ጋር ቅርብ ግንኙነት አለው። ካፋ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ መብራትም ይቆራረጣል። ባትሪያቸው ያለቀና ሶኬት ላይ ተሰክተው ብቻ የሚሠሩ ላፕቶፖች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። መብራት በድንገት ሲጠፋ ጽሑፍ በመጻፍ ላይ የነበረ የፋይል ስርዓት መዝገቡ ይዛባል። ሊኑክስ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ በራሱ መጠገን ካልቻለ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል ቃል ላይ ይቆማል፤ ከበላዩም «ኤፍኤስሲኬን በእጅ አስኪዱ» የሚል ትርጉም ያለው መልእክትና የፓርቲሽኑ ስም ይታያሉ። ኤፍኤስሲኬን በዚያው ስም አስኪዳችሁ ሲጨርስ ኤግዚት በሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስርዓቱ ይነሳል። ነገር ግን ዲስኩ እንግዳ ድምፅ የሚያሰማ ወይም የንባብ ስሕተት የሚደጋግም ከሆነ ከመጠገን በፊት በፍላሽ ተነሥታችሁ ፋይሎቻችሁን ገልብጡ። የታመመ ዲስክ ብዙ ሥራ አይችልም።

ኢመርጀንሲ ሞድ የሚል መልእክት ሲመጣ ደግሞ ዱላው ሲስተምዲ እጅ ላይ ደርሷል። ኤፍኤስታብ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ የተጻፈ አንድ ፓርቲሽን አልተገኘም ማለት ነው፤ ምናልባት ፎርማት ተደርጎ መለያ ቁጥሩ ተቀይሯል። መስመሩን በትክክለኛው ቁጥር መተካት ይበቃል።

ስሕተት የሚመስሉ ሁለት ነገሮች

አንደኛው ሰዓት ነው። ሊኑክስ የማዘር ቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ያስቀምጣል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ እንደ አካባቢው ሰዓት ያነበዋል። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ዊንዶውስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነ ያህል ያሳያል። ልዩነቱ በትክክል 3 ሰዓት ከሆነ የማዘር ቦርዱን ባትሪ ለመቀየር አትቸኩሉ፤ ሊኑክስ የአካባቢውን ሰዓት እንዲጠቀም በአንድ ትእዛዝ ማዘዝ ይቻላል።

ሁለተኛው ከሊኑክስ ሆናችሁ የዊንዶውሱን ፓርቲሽን ስትከፍቱ መጻፍ መከልከሉ ነው። ፋስት ስታርት አፕ የሚባለው የዊንዶውስ ባሕርይ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ በከፊል ያስተኛዋል እንጂ። ሊኑክስም የተኛ ስርዓት ፋይል ላይ ለመጻፍ እምቢ ይላል፤ እምቢታውም መረጃችሁን ለመጠበቅ ነው። ባሕርዩን ከዊንዶውስ ቅንብር ማጥፋት መፍትሔ ነው።

መረጃ በእውነት የሚጠፋው መቼ ነው?

እስካሁን የዘረዘርኳቸው ሁሉ የሚያስደነግጡ እንጂ መረጃ የሚያጠፉ አይደሉም። የሚያጠፉትንም በግልጽ ልናገር።

የመጀመሪያው ቢትሎከር ነው። ብዙ አዳዲስ የዊንዶውስ 11 ላፕቶፖች ዲስካቸው ባለቤቱ ሳያውቀው የተመሰጠረ ነው። ሴኪዩር ቡትን ወይም ሌላ የፈርምዌር ቅንብር ስትነኩ ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ ከሌለ ማንም ባለሙያ ሊከፍተው አይችልም። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጥታችሁ በወረቀት ጻፉት።

ሁለተኛው ፓርቲሽን ሲቀነስ መብራት መጥፋቱ ነው። የዊንዶውሱን ክፍል ከራሱ ከዊንዶውስ ውስጥ ቀንሱት፤ ባትሪው የማይሠራ ላፕቶፕ ከሆነም ዩፒኤስ ባለበት ክፍል ሥሩ። ሦስተኛው በመጫኛው ላይ የሚደረግ ፎርማት ነው። «ዲስኩን በሙሉ አጥፋ» የሚለውን ምርጫ አትንኩ፤ በእጅ የምትከፋፍሉ ከሆነም ኢኤፍአይ ፓርቲሽኑን ተጠቀሙበት እንጂ ፎርማት አታድርጉት፤ የዊንዶውሱም ማስነሻ ያለው እዚያው ነውና።

መጫኛው ዲስኩን ጭራሽ ካላየውና ስለ ኢንቴል አርኤስቲ ከተናገረ ደግሞ ወደ ኤኤችሲአይ በቀጥታ አትቀይሩ፤ ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል። በቅድሚያ ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አዛችሁ ቅንብሩን ቀይሩ፤ አንድ ጊዜ ከተነሳ በኋላ ወደ መደበኛው መልሱት።

ከሁሉም በላይ ከመጫን በፊት የሥራችሁ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ይኑር። ይህ ከተሟላ የቀረው ሁሉ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ለትምህርት ክፍሎች አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ 6 ጊጋባይት በየግሉ ከሚያወርድ፣ አንድ ወቅታዊ የሊኑክስ ቅጂ በውስጥ ኔትወርካችን ላይ ቢቀመጥና በየላቦራቶሪው አንድ የተፈተሸ የነፍስ አድን ፍላሽ ቢኖር ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። የዴቢያን መጫኛ በአማርኛም ስለሚሠራ መመሪያውን ለጀማሪዎች በራሳችን ቋንቋ ማዘጋጀት ይቻላል።

ከታዳሚዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ መምህር፣ ይህን ሁሉ ከመጋፈጥ ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ በቨርቹዋል ማሽን መጠቀም አይሻልም?

መልስ፦ ለመማርና ለመሞከር ይሻላል። የማስነሻ ቅብብሉን ስለማይነካ አደጋ የለውም። ነገር ግን ሜሞሪውን ለሁለት ይከፍላል፤ 4 ጊጋባይት ብቻ ባለው ላፕቶፕ ላይ ትልቅ የሳተላይት ምስል መተንተን አይቻልም። 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ካለህ በቨርቹዋል ማሽን ጀምር፤ ሲጠብህ ጎን ለጎን ጫን።

ጥያቄ፦ ጥገና ቤት ወስጄው «ከፎርማት በቀር መፍትሔ የለውም» ብባልስ?

መልስ፦ ባለሙያውን አክብረሽ አንድ ነገር ጠይቂው፤ «በፍላሽ አስነሥተህ ፋይሎቼን በቅድሚያ ገልብጥልኝ» በይው። በፍላሽ ተነሥቶ ዲስኩ ከታየ መረጃሽ አለ፤ ውሳኔውም ያንቺ ነው። ካልታየ ግን ጉዳዩ የዲስክ ጥገና ነውና ፎርማትም ቢሆን አያድነውም። በሁለቱም መንገድ ፎርማት የመጀመሪያው እርምጃ አይሆንም።